በአዲስ አመዳይ ላይ ብቻ መውረድ ይሻላል ወይስ ከባልንጀራ ጋር?

በአልፕስ ተራሮች ግርጌ ባሉት መንደሮች በክረምት ወራት ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ሲጥል ያደረ እንደ ሆነ፥ ሲነጋ የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ላይ ያማትራል። ትናንት የነበረው ዱካ፥ ድንጋዩና ቍጥቋጦው ሁሉ ተሸፍኖ፥ ተራራው ታጥቦ የተሰጣ ነጭ ሸማ መስሎ ይታያል። ስኪ የሚባለውን የመንሸራተቻ ሳንቃ ከእግሩ ጋር አጣብቆ ቍልቍለት መውረድ ለለመደ ሰው፥ ማንም ባልረገጠው አዲስ በረዶ ላይ ቀዳሚውን መሥመር ማስመር ከደስታዎች ሁሉ የበለጠ ደስታ ነው። ይህም ደስታ ጊዜ አይሰጥም፤ እኩለ ቀን ሲሆን ፀሐይ ያከብደዋል፥ ወይም ሌላው ቀድሞ ይረግጠዋል። ስለዚህ ሰውየው ቡናውን ሳይጨርስ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም ባልንጀሮቹ ተነሥተው እስኪሰናዱ ድረስ ይጠብቅ ወይስ ብቻውን ይውጣ የሚለው ነው።

ነገሩን ለጊዜው ሲያዩት የጨዋታ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን በአልፕስ ተራሮች ብቻ በአማካይ በየዓመቱ 100 ያህል ሰዎች በበረዶ ናዳ ተይዘው ይሞታሉ፤ ከነዚህም የሚበዙት ለደስታቸው ሲሉ ከተዘጋጀው መንገድ ውጭ የወጡ ናቸው። እንግዲህ ጥያቄው የሕይወትና የሞት ጥያቄ ስለ ሆነ፥ ሊቃውንትም፥ የተራራ መሪዎችም፥ ሕግ አውጪዎችም ሳይቀሩ ብዙ ተከራክረውበታል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በኛ ደጋ በረዶ ሲባል ብዙውን ጊዜ ከነጐድጓድ ጋር የሚወርደው፥ ቆርቆሮ የሚደበድበውና አዝመራ የሚያጠፋው ጠጠር ነው። በአውሮፓ ክረምት የሚወርደው ግን እንደ ተባዘተ ጥጥ የለሰለሰና ድምፅ የሌለው ነው፤ በመጻሕፍት ቋንቋ አመዳይ የሚባለውን ስም ለዚህ ብንሰጠው ይስማማዋል። አዲስ የወረደ አመዳይ አብዛኛው አካሉ አየር ስለ ሆነ፥ አንዱ ሜትር ኩብ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም ቢመዝን ነው። ያው አመዳይ ከተራራ ተንዶ ከታች ከቆመ በኋላ ግን አንዱ ሜትር ኩብ 300፥ 400 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ወዲያውም ይጠነክርና በውስጡ የተያዘውን ሰው ጣቱን እንኳ እንዳያንቀሳቅስ አድርጎ ያስረዋል። ጠዋት እንደ ጥጥ የነበረው ነገር ከሰዓት በኋላ እንደ ሲሚንቶ የሚሆን መሆኑን ማወቅ ለጠቅላላው ጉዳይ መሠረት ነው።

ለስፖርቱም ቢሆን የዚህ ቀጠና ሰዎች ፍጹም እንግዶች አይደሉም። በ2006 ዓ.ም. በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ሮቤል ተክለማርያም የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በሜዳ ስኪ ተወዳድሯል፤ በ2018 ዓ.ም. በኮሪያ ፒዮንግቻንግ ደግሞ ሻነን አበዳ በተራራ ስኪ ለኤርትራ ተሰልፏል። እነርሱ የተወዳደሩት ግን በመኪና በተደመደመና ዘበኛ በቆመለት መንገድ ላይ ነው። በዚያ ዓይነት መንገድ ላይ ብቻ መሆንና ከሰው ጋር መሆን ብዙ ልዩነት የለውም፤ የወደቀውን ሰው ከኋላው የሚመጣው ያየዋል። ክርክራችን ከመንገዱ ውጭ ስላለው ያልተረገጠ አመዳይ ነው።

ብቻውን መውጣት የሚወድ ሰው ምክንያት የለውም ማለት አይቻልም። የሚጠብቀው ሰው የለም፥ የሚጠብቅበትም ሰው የለም። ቦታው አላማረኝም ብሎ ቢመለስ ፈሪ የሚለው የለም። ጆሮው ነፋሱንና የበረዶውን ድምፅ ይሰማል፤ አሳቡም በጨዋታ አይከፈልም። ለዚህ ወገን የሚጠቀሰው ታላቅ ሰው ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን ነው። ናንሰን በበርገን ቤተ መዘክር በሚሠራበት ጊዜ፥ በ1884 ዓ.ም. በክረምቱ መካከል፥ ከበርገን ተነሥቶ ውሻውን ብቻ አስከትሎ ተራሮቹን በስኪ ተሻግሮ ዛሬ ኦስሎ ወደምትባለው ከተማ ሄደ፤ ተመልሶም መጣ። እንዲህ ያለው ጕዞ ለብዙ ዘመን የወጣቶችን ልብ ሲያቃጥል ኖሯል። ሆኖም ያው ናንሰን ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ1888 ዓ.ም.፥ ማንም ያላቋረጠውን የግሪንላንድን የበረዶ ምድር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለማቋረጥ በተነሣ ጊዜ ብቻውን አልሄደም፤ አምስት ሰዎችን መርጦ ስድስት ሆነው ሄዱ፥ ስድስቱም በሕይወት ደረሱ። ብቸኝነትን የሚያወድሱት ሰዎች የመጀመሪያውን ጕዞ እንጂ ሁለተኛውን ሲያነሡት እምብዛም አይሰማም።

አሁን ወደ አደጋው እንግባ። በረዶ በተራራ ላይ በአንድ ጊዜ አይከመርም። በየጊዜው የወረደው የየራሱን ንጣፍ ይሠራል፤ ንጣፎቹም እንደ ብርዱ፥ እንደ ነፋሱና እንደ ፀሐዩ አንዱ ከሌላው ጋር ይጣበቃል ወይም ሳይጣበቅ ይቀራል። አንዳንድ ጊዜ ከታች ያለው ንጣፍ እንደ ስኳር ፍሬ የተበታተነ ይሆንና፥ በላዩ ላይ አዲሱ አመዳይ በነፋስ ተገፍቶ እንደ ገበታ ድፍን ሆኖ ይቀመጣል። ገበታው ከበታቹ የሚይዘው ስለሌለው የሚነካውን ብቻ ይጠብቃል። ቍልቍለቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ የሚያዘነብል ከሆነ፥ የአንድ ሰው ክብደት ደካማውን ንጣፍ ለመስበር ይበቃል። ስንጥቁ በቅጽበት ይሮጣል፤ ጠቅላላው ገጽታ ተቈርሶ ሰውየውን ይዞት ይወርዳል፤ በጥቂት ሴኮንድም ውስጥ ፍጥነቱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሰዎች ከሚያልቁበት የናዳ አደጋ ከመቶው 90 በሚሆነው፥ ናዳውን የቀሰቀሰው ተጎጂው ራሱ ወይም ከባልንጀሮቹ አንዱ መሆኑ ተረጋግጧል። ተራራው በራሱ ተነሥቶ ሰው የገደለበት ጊዜ ከዚህ ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው።

ከተያዙ በኋላ ያለው ነገር የደቂቃ ሒሳብ ነው። በ1994 ዓ.ም. ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት በስዊስ አገር የተቀበሩትን ሰዎች መዝገብ መርምሮ ነበር። በ15 ደቂቃ ውስጥ ከወጡት ከመቶው 92ቱ በሕይወት ሲገኙ፥ እስከ 35 ደቂቃ ከቆዩት ግን ከመቶው 30 ያህል ብቻ መትረፋቸውን አሳየ። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በስዊስ አገር የ40 ዓመት መዝገብ ተመርምሮ የወጣው ጥናት ጊዜውን ይበልጥ አሳጠረው፤ ተስፋ ያለበት ጊዜ 15 ደቂቃ ሳይሆን 10 ደቂቃ ነው፥ ከዚያ በኋላ እስከ 30 ደቂቃ ድረስ ተስፋው ከመቶ ወደ 31 ያሽቈለቍላል ይላል። የሚበዙት የሚሞቱት በብርድ ሳይሆን በመታፈን ነው፤ ከራሳቸው የወጣው ትንፋሽ በፊታቸው ላይ በረዶውን አቅልጦ መልሶ ስለሚያረጋው፥ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይዘጋል።

እንግዲህ ነጋዴ የሆነ አንባቢ ይህን ሒሳብ በራሱ ሊጨርሰው ይችላል። የመንግሥት ወይም የማኅበር የነፍስ አድን ቡድን ስልክ ተደውሎለት፥ ሄሊኮፕተሩን አስነሥቶ፥ ቦታውን ፈልጎ እስኪደርስ ድረስ 10 ደቂቃ ያልፋል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ሊደርስ የሚችለው አስቀድሞ በቦታው የነበረ ሰው ብቻ ነው። በጥንት ዘመን በታላቁ የቅዱስ በርናርድ መተላለፊያ፥ 2,469 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው ገዳም፥ መነኮሳቱ መንገደኛ ይፈልጉ የነበረው በውሾች ነበር፤ ከ1800 እስከ 1814 ዓ.ም. የኖረው ባሪ የሚባለው ውሻ 40 ሰዎችን አድኗል እየተባለ እስካሁን በበርን ቤተ መዘክር ቆሞ ይታያል። ዛሬ የውሻውን ሥራ የሚሠራው በደረት ላይ የሚታሠር ትንሽ ራዲዮ ነው። እያንዳንዱ ሰው ራዲዮውን ምልክት እንዲልክ አድርጎ ይሄዳል፤ አንዱ የተቀበረ እንደ ሆነ የቀሩት የራሳቸውን ወደ መቀበል ለውጠው ምልክቱን ይከተላሉ፤ ሲቃረቡ በረጅም ቀጭን ዘንግ እየወጉ ይፈልጋሉ፤ ካገኙትም በኋላ በአካፋ ይቈፍራሉ። አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለን ሰው ለማውጣት አንድ ቶን ያህል በረዶ መዛቅ ስለሚያስፈልግ፥ አካፋውን የሚቀባበል ሁለተኛ እጅ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ብቻውን የወጣ ሰው ይህን ሁሉ ዕቃ ቢሸከም፥ ራዲዮው ከጊዜ በኋላ አስከሬኑን ለሚፈልጉት ሰዎች ሥራ ከማቅለል በቀር የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው።

ናዳ በሌለበት ደን ውስጥም ቢሆን አዲስ አመዳይ የራሱ ወጥመድ አለው። የጥድ ዛፎች ቅርንጫፎቻቸው ወደ ታች የተዘረጉ ስለ ሆነ፥ ከግንዱ ዙሪያ በረዶው ሳይጠቀጠቅ ይቀርና ስውር ጕድጓድ ይሆናል። በአጠገቡ ሲያልፍ የተደናቀፈ ሰው በራሱ ተዘቅዝቆ ይገባበታል፤ ሳንቃዎቹ ከላይ ይታገዳሉ፥ ሲታገል ደግሞ የላላው በረዶ ይበልጥ ይወርድበታል። በሰሜን አሜሪካ ፈቃደኛ ሰዎችን ሆን ብሎ እንዲህ ባለው ጕድጓድ በማስገባት በተደረገው ሙከራ፥ ከመቶው 90 የሚሆኑት በራሳቸው ኀይል መውጣት እንዳልቻሉ ታይቷል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ብዙ ጥበብ አይደለም፤ ሲገባ ያየውና እግሩን የሚስብለት አንድ ሰው ነው። ዳሩ ግን አብረው ወጥተው ሳይተያዩ የሚወርዱ ሰዎች ለዚህ ጉዳይ እንደ ብቸኞች ይቈጠራሉ።

እስከዚህ ድረስ የተባለውን የሰማ ሰው፥ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብሎ፥ ነገሩ ተፈጸመ፥ በብዛት መሄድ ነው የሚበጀው ሊል ይችላል። እኔም ይህን ጉዳይ መመርመር ስጀምር እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር በሁለት ቀን ልዩነት የደረሱት ሁለት አደጋዎች ሌላ ነገር ያሳዩናል።

የመጀመሪያው ፌብሩዋሪ 17 ቀን በኦስትሪያ በሌክ የሆነው ነው። የኔዘርላንድስ ንግሥት የቤያትሪክስ ሁለተኛ ልጅ ልዑል ፍሪሶ ከአንድ ወዳጁ ጋር ከተዘጋጀው መንገድ ውጭ ወጣ። በዚያን ቀን የናዳው አደጋ ከአምስቱ ደረጃ በአራተኛው ላይ እንደ ነበር አስቀድሞ ተነግሯል። ናዳው በመጣ ጊዜ ወዳጁ ሳይቀበር ተረፈ፤ ልዑሉ ግን 25 ደቂቃ ያህል ከበረዶ በታች ቆይቶ ወጣ። ልቡ ዳግመኛ ቢመታም አእምሮው አየር አጥቶ ስለ ነበረ፥ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል በኋላ ኦገስት 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ዐረፈ። ባልንጀራ ነበረው፥ ሀብትና ማዕረግም ነበረው፤ ሆኖም 25 ደቂቃ 25 ደቂቃ ነው።

ሁለተኛው ፌብሩዋሪ 19 ቀን በአሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በስቲቨንስ መተላለፊያ አጠገብ፥ ካውቦይ በሚባለው ተራራ ላይ የደረሰው ነው። ሌሊቱን አዲስ አመዳይ ወርዶ ስለ ነበረ 16 ሰዎች ተሰብስበው ከተከለለው ስፍራ በስተ ጀርባ ወዳለው ቍልቍለት ወጡ። እነዚህ ጀማሪዎች አልነበሩም፤ በመካከላቸው በስኪ እንጀራቸውን የሚበሉ፥ ስለ ስኪ በመጽሔት የሚጽፉና ተራራውን እንደ ደጃፋቸው የሚያውቁ ነበሩ። መፈለጊያ ራዲዮውም፥ ዘንጉም፥ አካፋውም ነበራቸው። ናዳው ሦስቱን ገደለ፤ አብራ የተወሰደች አንዲት ሴት በጀርባዋ የተሸከመችውን የአየር ከረጢት ነፍታ ስለ ነበረ ከበረዶው በላይ ተንሳፋ ተረፈች። በኋላ በተደረገው ምርመራና በጋዜጣ በወጣው ሰፊ ታሪክ እንደ ተገለጸው፥ ከሄዱት መካከል ብዙዎቹ በልባቸው ሠግተው ነበር። የሰዉ ብዛት ከልክ ማለፉንም፥ ቀኑ ደግ አለመሆኑንም አስበዋል። ነገር ግን ከኔ የበለጡ ዐዋቂዎች ዝም ካሉ እኔ ማን ነኝ ብሎ እያንዳንዱ ዝም አለ። ዐዋቂዎቹም የሌሎቹን ዝምታ እንደ መስማማት ቈጠሩት።

በቢሮ ሥራ የኖረ ሰው ይህን ነገር በሚገባ ያውቀዋል። በጉባኤ ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ሁሉም ሲያጐነብስ፥ ከወጡ በኋላ ግን በበረንዳ ላይ ሁሉም ሲያማ ያላየ የለም። በተራራ ላይ ግን በረንዳ የለም።

ኢያን ማካሞን የሚባለው አሜሪካዊ በ2004 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ከ1972 እስከ 2003 ዓ.ም. በአሜሪካ የደረሱ 715 የናዳ አደጋዎችን መርምሮ፥ ሰዎችን ያሳሳታቸው ብዙ ጊዜ ስለ በረዶ አለማወቅ ሳይሆን የሰው ጠባይ መሆኑን ጽፏል። ቦታውን አውቀዋለሁ ማለት፥ በሌሎች ዘንድ ለመወደድ መሻት፥ ከጀመርኩ አልመለስም ማለት፥ መሪውን ያለ ጥያቄ መከተል፥ ሌሎች ሰዎች በአካባቢው ሲታዩ መደፋፈር፥ ደግሞም አዲሱን አመዳይ ሌላ ሳይቀድመኝ ማለት ናቸው። ከነዚህ ከስድስቱ የሚበዙት ብቻውን ላለ ሰው አይደርሱትም፤ የሚወለዱት ከማኅበር ነው።

ከዚህም በቀር የክብደት ነገር አለ። የቀድሞ ሲራራ ነጋዴዎቻችን ሽፍታ ባለበት በረሃ ከመግባታቸው በፊት ነጋድራሱ ሰው እስኪሞላ ድረስ ያስጠብቃቸው ነበር። ይህ ለሽፍታ ትክክለኛ ዘዴ ነው፤ ሽፍታ ብዛት ሲያይ ይፈራል። አመዳይ ግን ብዛትን አይፈራም፤ ብዛት ይሰብረዋል። አሥር ሰዎች ተጠጋግተው በአንድ ቍልቍለት ላይ ቢቆሙ ደካማውን ንጣፍ የሚጫነው የአሥር ሰው ሸክም ነው፤ ንጣፉም ከተሰበረ አሥሩም አንድ ላይ ይወሰዱና በአካፋ የሚቈፍር ሰው አይቀርም። ስለዚህ በመንገደኛነት የለመድነው አሳብ በዚህ ስፍራ ይገለበጣል።

ቍጥሩም ይህንኑ ይደግፋል። በስዊስና በኢጣልያ ተራሮች የሚወጡትን ሰዎች ቍጥር ከደረሰው አደጋ ጋር ያመዛዘነና በ2016 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ አራትና ከዚያ በላይ ሆነው የሚሄዱ ሰዎች በናዳ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ፥ ብቻቸውን ወይም ሁለት ሆነው የሚሄዱት ግን ዝቅ ያለ መሆኑን አግኝቷል። ብቸኞቹ ይህን ውጤት እንደ ድል ሊያዩት አይገባም። ጥናቱ የሚናገረው ስለ መያዝ ነው፤ ከተያዙ በኋላ ስለ መውጣት የሚናገረው ከላይ ያየነው የደቂቃ ሒሳብ ነው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው፤ በአንደኛው ያተረፈ ሰው በሁለተኛው ሊከስር ይችላል። ብቸኛው ሰው በመጀመሪያው መዝገብ ያተርፋል፥ በሁለተኛው ግን ሁሉን ያጣል። ብዙ ሆነው የሚሄዱት በሁለተኛው የሚያተርፉ ይመስላቸዋል፥ በመጀመሪያው ይከስራሉ። በሁለቱም መዝገብ የማይከስሩት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው የሚሄዱት ናቸው፤ የኔም ፍርድ ከነዚህ ጋር ነው።

ስዊሳዊው የተራራ መሪ ቬርነር ሙንተር ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ያስተማረው ስሌት ይህንኑ በቍጥር ያሳያል። በ1993 ዓ.ም. የአውሮፓ አገሮች በተስማሙበት ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ፥ ሙንተር ለመጀመሪያው ደረጃ 2፥ ለሁለተኛው 4፥ ለሦስተኛው 8፥ ለአራተኛው 16 ነጥብ ሰጠ። ከዚያም ሰዎቹ ለሚያደርጉት ጥንቃቄ አካፋይ ቍጥር መደበ፤ ተካፍሎ የሚገኘው ከ1 መብለጥ የለበትም። ቍልቍለቱ ከ35 ዲግሪ በታች ከሆነ ለ4 ይካፈላል። ከ2 እስከ 4 የሚሆኑ ሰዎች ተራርቀው ከሄዱ ደግሞ ለ3 ይካፈላል፤ ብዙ ሰዎች ተራርቀው ከሄዱ ለ2፤ ብዙ ሰዎች ተጠጋግተው ከሄዱ ግን ምንም አካፋይ የላቸውም። እንግዲህ በሦስተኛው ደረጃ ቀን፥ እርሱም በስዊስ አገር ብዙ ሰው የሚሞትበት ደረጃ ነው፥ በመጠነኛ ቍልቍለት ላይ ተጠጋግቶ የሚሄደው ብዙ ሰው 8ን ለ4 አካፍሎ 2 ያገኛል፤ ይህም ከልክ በላይ ነው። ጥቂቶቹ ተራርቀው ሲሄዱ ግን 8ን ለ4፥ ውጤቱንም ለ3 አካፍለው ከ1 በታች ይሆናሉ። ተራራው ያው፥ ቀኑ ያው ነው። በርግጥ ተራራ የሒሳብ ደብተር አይደለም፤ ስሌቱም ዓይንን እንዲተካ አልተሠራም።

አካሄዱም የታወቀ ሥርዐት አለው። ሲወጡ ቢያንስ አሥር አሥር ሜትር ይራራቃሉ። ሲወርዱ ግን በአደገኛው ስፍራ አንድ በአንድ ነው፤ አንዱ ሲወርድ የቀሩት ናዳ በማይደርስበት ጥግ ቆመው ዓይናቸውን ከርሱ ሳይነቅሉ ይመለከታሉ፥ የተወሰደ እንደ ሆነ መጨረሻ የታየበትን ቦታ ልብ ይሉታል። ከሁሉም የሚከብደው ግን የንግግሩ ሥርዐት ነው። ከመውጣታቸው በፊት፥ ከመካከላችን አንዱ እንኳ አልወደድኩትም ቢል ሁላችን እንመለሳለን፥ ምክንያቱንም አንጠይቀውም ብለው ይስማማሉ። ይህ በሦስት ሰው መካከል የሚቻል ነው። በአሥራ ስድስት ሰው መካከል ግን፥ የጠዋቱ ፀሐይ በአዲሱ አመዳይ ላይ እያበራ፥ ሌላ ቡድን ከኋላ እየመጣ፥ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንመለስ እንዲል መጠበቅ ከሰው ጠባይ በላይ መጠበቅ ይመስለኛል።

አስተዳዳሪዎችም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። በዳቮስ የሚገኘው የስዊስ የበረዶና የናዳ ምርምር ተቋም በክረምት ወራት በየቀኑ ከቀኑ በ11 ሰዓት የነገውን የአደጋ ደረጃ ያወጣል። የኢጣልያ መንግሥት ደግሞ በ2021 ዓ.ም. ባወጣውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ዓ.ም. ጀምሮ በጸና ድንጋጌ፥ የናዳ ሥጋት ባለበት ስፍራ ከተዘጋጀው መንገድ ውጭ የሚሄድ ሰው ሁሉ ራዲዮውን፥ ዘንጉንና አካፋውን እንዲይዝ አስገድዷል። ድንጋጌው መልካም ነው፤ ነገር ግን ጐደሎነቱ በግልጽ ይታያል። ዕቃውን ያዛል እንጂ ዕቃውን የሚጠቀምበትን ሁለተኛ ሰው ሊያዝ አይችልም። ደግሞም ባልንጀራ በሕግ ቢታዘዝ፥ በማለዳ በመንገድ ላይ የተገናኙ የማይተዋወቁ ሰዎች ለስሙ አብረው ይወጡ ነበር እንጂ ትርፉ ምን እንደ ሆነ አይታየኝም።

ብቻውን ከመሄድ የማይመለስ ሰውም አይጠፋም፤ ስድብ አይመልሰውም። ለርሱ የሚቀርለት ምክር አጭር ነው፤ ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ ቍልቍለት አይውጣ፥ በላዩም ቀጥ ያለ ገደል የሌለበት ይሁን፤ ከጥድ ግንድ ይራቅ፤ በየት ሄዶ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ለቤተ ሰቡ ወይም ላረፈበት ሆቴል ዘበኛ ነግሮ ይውጣ። ቀዳሚውን መሥመር ለማስመር የሚጓጓለት ቀጥ ያለው ቍልቍለት ግን ሌላ ሰው እስኪያገኝ ይቆየው።

ባልንጀሮቹን የጠበቀው ሰው ደግሞ ከመንደሩ ሲወጣ አንድ ልማድ ይፈጽማል። ከሦስቱ አንዱ ጥቂት ራቅ ብሎ ይቆምና ራዲዮውን ወደ መቀበል ያዞራል። የቀሩት ሁለቱ አንድ በአንድ በፊቱ ያልፋሉ። የእያንዳንዳቸውን ምልክት በጆሮው ሲሰማ በእጁ እለፍ ይላል፤ ምልክቱ ያልተሰማ እንደ ሆነ ባትሪው እስኪለወጥ ድረስ ሦስቱም እዚያው ይቆማሉ፥ ፀሐዩም ይወጣል።